የጎማው አየር

ጋሼ ይርሳው ይሉታል፤ አንዲት ብሎን ግን አይረሳም፤
ከዘንባባው ሥር ከተቀመጠ፣ ሥራው ሳያልቅ አይነሳም።
ብስክሌቴን ገለበጣት፤ ኮርቻዋ አፈር ነካ፤
ካርቶኑን በክንዱ፣ ፍሬሟን በስንዝሩ ለካ።
«የግራው ፔዳል፣ የውብዳር፣ ወደ ቀኝ ነው የሚላላ፤
እንደ አንዳንድ ሰው ነው፤ ለሚያውቀው ገር፣ እልኸኛ ለሌላ።»

ካርቶኑ የእነ ባዜ ነው፣ ቴሌቪዥን የመጣበት፤
ብርጭቆ ተስሎበታል፣ ቀስትም ወደ ሰማይ የቆመበት።
መሪዋን ጠምዝዞ አስተኛት፣ እንደ ታመመች ጥጃ፤
ሰንሰለቷን በጋዜጣ፣ ጎኗን በአሮጌ ስጋጃ።

በመጨረሻ ጎማው ቀረ።
«አየሩ ይውጣ፤ ሰማይ ላይ ይፈነዳል ብለውኛል።»
ቫልቩን ሲጫነው ፒስስስ አለ።
ትናንት ጎህ ሳይቀድ የነፋሁት ነበር፣ ከሐይቁ አፋፍ፣
ታንኳዋ ጭጋጉን ስትሰነጥቅ ከደንገሉ ጫፍ፤
የቆሮሶ ጥብስ፣ የበሰበሰ እንቦጭ ሽታ ያለበት፤
ለአንድ አፍታ በእግራችን መሀል ነፈሰ፤
ከዚያ ወዲያ ሄደበት።

ባጃጁ ግማሹን ካርቶን ውጦ፣ ግማሹን በበሩ አንጠልጥሎ
ከቀበሌ አሥራ አራት አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ፣
የእኔንም ልብ አብሮ ሰቅሎ።
ሚዛኑ ሃያ ስምንት አለ። «ምንድን ነው?» አለችኝ ልጅቱ።
«ብስክሌት።» «ታዲያ በሷ አትሄጂም?»
ሳቁ ከኋላዬ ያሉቱ።
እኔም ሳቅሁ። ከፈልኩ።
ልጆች ዋና ያስተማርኩበት የሁለት ወር ገንዘብ
ለተፈታታች ብስክሌት መሳፈሪያ ሆነ።

ተነሣን። ከክንፉ ሥር ጣና ተገለጠ፤
ዐሥር ዓመት ዋኝቼ ማዶውን ያልነካሁት፣
በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት።
አፈርኩ፤ ጣቴን መለስኩት።

ማታ በሆቴሉ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ ካርቶኑን ስከፍት
ፈታሾች ቀድመውኛል፤ ስጋጃው ሌላ ዓይነት ተጠቅልሏል፤
የኮርቻው ብሎን የለም።
ኪሴን፣ ቦርሳዬን፣ የጫማዬን ውስጥ፤ የለም።
ሳለቅስ እጄ ከኮርቻዋ ሆድ ሥር ገባ፤
በካላማደሪያ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ነገር፦
አንድ ብሎን፣ አንድ ዳዶ።
ስም አውጪዎች ተሳስተዋል።

ቁጥር የሚያድለው ሰውዬ «ከየት ነሽ?» አለኝ። ነገርኩት።
ትርጉሙን ጠየቀኝ፤ «ከባሕር ጥግ» ብዬ ተረጎምኩት።
«ከየትኛው ባሕር?»
አፌ ተያዘ። ባሕር ስንል የኖርነው ሐይቅ ነው፤
ጨው ጎድሎሃል ብሎም እስከ ዛሬ ማንም አልከሰሰው።

ሲነጋ ገባሁበት። አፌን ሞላው። ተፋሁት፤ ደግሞ ሞላው።
ምላሴ ላይ ያልተመጠነ ወጥ፣ ዓይኔ ላይ በርበሬ፤
ግን ይሸከማል፤ እጁን ዘርግቷል ከሥሬ።
ጣና ማንንም በነጻ አያንሳፍፍም፣ ካልሠራሽ ያሰጥምሻል፤
ይኼኛው ጀርባውን ሰጥቶ «ተኚ» ይልሻል።
ልተኛ አልመጣሁም።
ዋኘሁ፤ ጋለብኩ፤ ኮርቻዋ አልተነቃነቀችም፤
አንደኛ የወጣችውን ግን ዓይኔ እንኳ አላያትም።

ለመመለሻው የዚያን አገር አየር እኔው አስወጣሁ፤
ሁሉንም አይደለም።

«ስንተኛ ወጣሽ?»
«ከኋላ ሦስተኛ።»
«ከኋላ ከተቆጠረማ ነሐስ ነው» አለ፣ ብሎኑን እየፈታ።
ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ቅሪት አለው።»
«የባሕሩ ነው» አልኩት። «ለአንተ ያስቀረሁት።»
አፍንጫውን አስጠጋ። ቫልቩን ነካ። ፒስ።
ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣ የዘንባባው ጥላ ከፊቱ ላይ እስኪሸሽ።
«ይኼ ነው?» አለ። «ላስቲክ ላስቲክ ይላል፤ እንደ እኛው።»
ፓምፑንም አቀበለኝ።