ግቡ

የችሎት ጸሐፊ ነኝ፥ ጣቴ የሰው ቃል ያውቃል፤
ምስክር ሲያነጥስ፥ ማስነጠሱም ይጻፋል።
ያን ቀን ግን አንድ ቃል፥ ከገበታዬ ላይ
ቆመብኝ እንደ በር፥ መዝጊያው እንደማይታይ።

የሳሙና በሯ፥ እማማ አንጓች ቀርባ፣
ጫማዋን ከደጅ ላይ፥ አውልቃ ልትገባ፣
«አይወለቅም» ብሎ፥ ዘበኛው ቢያቆማት፣
እንደ ቤተስኪያን ደጅ፥ እግሯ እየከበዳት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሐምሌ ጨለማ፤
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፥ ጆሮ እንዳይሰማ።
ሦስት ሰዓት ሲሆን፥ በሩ ተንኳኳና
«ቤቶች!» አለ አንድ ድምፅ፥ በትሕትና ቃና።
እሷም ሳትጠይቅ፥ «ማነህ?» ሳትል እንኳ፣
«ግቡ፥ ቤት የእግዜር ነው» አለች እንደ ልኳ።

አራት ፖሊስ ገባ። አንዱ ካፖርት አራገፈ፣
አንዱ ሳንዱቅ ከፈተ፥ አንዱ ፍራሽ ገፈፈ።
ለቀብሯ ያኖረችው፥ አቡጀዲ መግነዝ
ወለል ላይ ተዘርግቶ፥ ሲጎተት ሲመዘዝ፣
ከሥሩ ተገኘ፥ አሥራ አንድ ሞባይል፤
ልጇ ዓይንሸት የሰረቀው፥ ዐቃቤ ሕግ እንደሚል።

ሳጅን ዋኘው ጻፈ፦
«ነዋሪዋ ፈቅዳ፥ ብርበራው ተካሄደ፤
ማዘዣ ባይኖርም፥ ማንም አላስገደደ።»
ከግርጌው አውራ ጣቷ፥ ሰማያዊ አሻራ፤
አነበቡላት ወይ? ያ ነው ያልተወራ።

ጠበቃው ተነሣ፥ አቶ ሰዋለም፤
«‹ግቡ› ሰላምታ ነው፥ የፈቃድ ቃል አይደለም።
እንግዳና ፈታሽ፥ ባንድ በር ቢገቡ፣
አንድ ቃል ቢያስገባም፥ ለየቅል ነው ግቡ።»

ዐቃቤ ሕግ ሳቀ፦ «እምቢ አላለችም፤
በሩን ከፍታ ቆማ፥ ‹ውጡ› ብላ አልጮኸችም።»

ለምሳ ስወጣ፥ ግንቡ አጠገብ ቆምኩኝ፤
ዐሥራ ሁለት በሮች፥ ሁሉም ስም አላቸው አሉኝ።
የእማማ አንጓች በር፥ ስም የለው፥ ቆርቆሮ፣
ባንድ ሽቦ ታስሮ፥ በሚስማር ተቀርቅሮ።

ከሰዓት ዳኛዋ፥ መነጽሯን ገፍታ፣
«እማማ፥ እምቢ ማለት፥ ይቻል ነበር ያን ማታ?»

«እምቢ?
እምቢ ልል ለማን፥ ልጄ?
ዝናብ እያራሰው ሰው ቆሞ ከደጄ?
ጠመንጃ ያነገተ፥ ‹እናቴ› እያለኝ?
‹አይሆንም› የሚባል ቃል፥ ማን አስተማረኝ?
ቀለሙን አምጡ አልኩ፥ ቶሎ ውጡልኝ ብዬ፤
ጭቃ እስኪበላት ነው ወይ፥ ያቺ አቡጀዲዬ?
እኔ የማውቀው ይሄው፦ እነሱስ ገብተዋል፤
ነገሩ ለኔ ግን፥ ገና መች ገብቶኛል?»

ዝም አለ ችሎቱ። ከውጭ ባጃጅ አለፈ።
ጣቴ «በፈቃዷ» ብሎ፥ ጀመረና አረፈ።
ሁለት ፊደል ናት፥ ጻፍኳት እንዳለችው፤
ግን እንዴት እንዳለች፥ የቱ ቁልፍ ይጽፈው?
ለኅዳር ሃያ አንድ፥ ብይን ተቀጠረ።
እማማ ጫማዋን አየች። ዓይኗ እዚያው ቀረ።

ማታ አዘዞ ከቤቴ፥ ገና ጋደም ሳልል፣
ጎረቤቴ ማርዘነብ፥ «ቤቶች!» ስትል፣ ስትል፣
«ግቢ» ልላት ብዬ፥ ቃሉ ቀረ ከአፌ፤
«ማነው?» አልኩ በእጄ፥ መዝጊያውን ደግፌ።
ቻርጀር ልትዋስ ነው። የጥቅምት ብርድ ነካት።
«እኔ ነኝ» አለችኝ፥ ግራ እየገባት።