ልዩ ምልክት

ከሰኞ እስከ ዓርብ ስም ጸሐፊ ነኝ፣
ወሳኝ ኩነት፣ መስኮት ሦስት፣ ሰልፉ እማያልቅብኝ።
የሕፃኑ ስም? የአባት? የአያት?
የትውልድ ቦታ? ዕለት?
አንዱ ቀኑን ይረሳና
«ማታ ነው፣ ሐይቁ ሞልቶ፣ ዝናብ ጥሎ ነበረና…»
ይለኛል። ቅጹ ላይ ለዝናብ ሣጥን የለም፤
ቀን ነው የምጽፈው፣ ሐይቅ አልጽፍም።

እሑድ ግን ወፍ ጭጭ ሳይል፣ ታቦር ገና ጥላ ሳለ፣
አንድ ባጃጅ ብቻ በእንቅልፍ ልቡ እየዋለለ፣
እወርዳለሁ ወደ ፍቅር ሐይቅ፣
መጽሐፌን በብብቴ፣ ስልኬን በእጄ፣ ስም ልጠይቅ፤
ዛሬ እኔ ነኝ ባለጉዳይ።

መጽሐፉን ሆቴል ያደረ ፈረንጅ ነው አልጋ ሥር የረሳው፣
እህቴ አንሶላ ስትቀይር አግኝታ ያመጣችው።
ጀርባውን በቁስል ፕላስተር አስሬዋለሁ።
ወፎቹ በጎን ቆመዋል፣ አንድ ዓይን፣ ንጹሕ ላባ፣
እንደ ጉርድ ፎቶ፤ ከኋላቸው ነጭ ነው፣ ቅርንጫፍ የለ፣ አበባ።
የትኛው ወፍ ነው በሕይወቱ እንዲህ ቆሞ የጠበቀኝ?
ደግሞ ከጉጉት እስከ ግንደ ቆርቁር ያለው ገጽ ተገንጥሏል፤
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ያላወቅኩት ወፍ ሁሉ
«ከተገነጠለው ገጽ ነው» እየተባለ ታልፏል።

መተግበሪያውን የጫነችልኝ የእህቴ ልጅ ብሩክታዊት ናት፤
«ዝም ብለሽ ያዥው አክስቴ፣ እሱ ይሰማል» ነበር ያለችኝ በዚያች ዕለት።
ይሰማል። በቀደም የባጃጅ ፍሬን ሰምቶ
«ሽመላ፣ ሰማንያ በመቶ» አለኝ ኮርቶ።
አንዴ ደግሞ ፊላው በጫጫታ ሊሰነጠቅ ደርሶ፣
እኔ ጆሮዬን ይዤ፣ ይሄ ሰውዬ ነገሩን አመላልሶ
ሲያስብ ሲያስብ ቆየና፣ «ምንም ወፍ አልተገኘም»።
ያራዳ ልጅ ይመስል፦ ወፍ የለም!
አልፈርድበትም። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል፤
እሱ የየት አገር ወፍ እንዳስተማረው ማን ያውቃል።

ዛሬ መጣች።
የእጅ ጭብጥ የማትሞላ፣ ቡናማ፣ ፊላው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ፣
ጅራቷን ሦስቴ እያወዛወዘች። ማጅራቷ ነጭ፣
ጠመኔ የያዘ አውራ ጣት የዳሰሳት ይመስል።
መጽሐፉን ገለጥኩ። አራት ገጽ ሙሉ ቡናማ ወፍ፣
አንድ እናት የወለደቻቸው፣
አንድ ልብስ ሰፊ የሰፋቸው፣
በምን ልለያቸው?
ስልኬን ዘረጋሁ። ስልሳ አንድ በመቶ ይህች፣
ሃያ ሁለት በመቶ ያቺ፣
ከቀረው ዝም አለ።

ስልሳ አንድ!
«ስልሳ አንድ በመቶ ልጄ ነው» ብሎ የተሰለፈ አባት
መስኮት ሦስት ላይ አይቼ አላውቅም…
አይ፣ አንድ ነበረ።
ሕፃኑን አየ። እኔን አየ። ኮርኒሱን አየ።
«ጻፊ» አለኝ፣ ቆይቶ።
ጻፍኩ።

ሀሜሶ ጀልባውን ሲገፋ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣
«ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለኝ።
«ስሟ።»
«የእሷ?» ቀና ብሎ አያት። «እሷማ
መረብ ባዶ ሲወጣ የምትስቅብን ናት።
ሳቂቱ ነው የምንላት።
አባቴም ላይ ስቃለች።»

መጽሐፉ ማውጫ ላይ ሳቂቱ የለችም፤
ስልኩም እንዲህ ያለ ስም ሰምቶ አያውቅም።
ደብተሬን አወጣሁ። እጄ የለመደውን ጻፈ፦

ስም፦ ሳቂቱ፣ ለጊዜው።
የአባት ስም፦ ከተገነጠለው ገጽ።
የትውልድ ቦታ፦ ፊላው ሥር፣ ሀሜሶ ጀልባ የሚያስርበት።
ዕለት፦ ማታ ነው፣ ሐይቁ ሞልቶ። (ይኸው፣ ጻፍኩት።)
ልዩ ምልክት፦ ማጅራቷ ላይ ጠመኔ።
ምስክር፦ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ መረቡ ባዶ።

ቀና ስል ፊላው ብቻ ይወዛወዛል።
የማኅተሙ ቦታ ላይ
ከሀሜሶ መቅዘፊያ ውሃ ጠብ ብሎ
ክብ ሆኗል።
አልጠረግኩትም።