ያኮረፈው ዲስክ

ፑንታ አሬናስ ላይ ነፋስ ሰው ይገፋል፤
ባርኔጣ ይነጥቃል፥ በር በርግዶ ያልፋል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ከሬድዮ ጥግ ቆሞ
የመርከብ ድምፅ ሲቀዳ የኖረው ኤራስሞ፥
ጡረታ ሲወጣ ካሴቱን ሁሉ ይዞ
ወደ ፋይል ለወጠው፥ አንድ ባንድ አጓጉዞ።

«ማሽኑ ቢሞትስ?» አለኝ በአጥር ላይ፤
እኔም ጎረቤቱ፥ አዋቂ ነኝ ባይ፥
«ሁለት ዲስክ ግዛ» አልኩት፥ «አንዱ ላንዱ ምስክር፥
አንዱ ቢታመም እንኳ ሌላው የሚናገር።»

ጥቁሩ፥ ከቀረጥ ነጻ ሱቅ የወጣ፥
ሰማያዊው ደግሞ ከማይቴ የመጣ።
(የእህቱ ልጅ ናት፤
አሮጌ ዕቃ መጣል የማይሆንላት።)
በዩኤስቢ ገመድ ግራና ቀኝ ሰክቼ
ለሁለቱ አንድ ስም፥ አንድ ቤት አውጥቼ
«ሬይድ አንድ» ብዬ አጋባኋቸው፤
ሶፍትዌሩ ቄስ ሆኖ ቃል አስገባቸው፦
ይህ የጻፈውን ያም ሊጽፍ፥
ይህ የገደፈውን ያም ሊገድፍ።
ሁለተኛዋን አንቀጽ ማናችንም ልብ አላልናት።

ሌሊቱን በሙሉ ሲመሳሰሉ አደሩ፤
ጥቃቅን መብራቶች እየተጠቃቀሱ ሲያወሩ።
ዶን ኤራስሞ ወንበር ስቦ የማቴ ቅጠሉን ሲምግ ነጋ፤
ቁጥሩ መቶ ሲሞላ ጀርባው ከወንበሩ ተጠጋ።

ከወራት በኋላ
የኦሬሊያን ድምፅ ደምስሶ መጣ።
በአንዲት ጣት።

ሚስቱ ነበረች። ገና ሳይነጋ የባሕሩን ጠባይ
ለዓሣ አጥማጆች የምታነብ፥
መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ቀስ በሉ» የምትል፥
እንደ እናት ሳይሆን እንደ ሒሳብ ሹም።

«ሁለት ናቸው አላልከኝም?» አለ፥ ከንፈሩ ደርቆ።
ሁለት ናቸው። መስታወት ግን ፊትን ይደግማል እንጂ
ፊትን አያኖርም፤ ዘወር ካሉ ባዶ ነው።
ይህን ያኔ ልነግረው ይገባኝ ነበር።
አዋቂ መባሉ ጣፍጦኝ ነበር።

ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ገባሁ፤ አቧራ፥ የድመት ጸጉር።
ጥቁሩ ይበራል። ሰማያዊው ጨለማ።
ገመዱ ግማሽ ወጥቷል፤ ድመቷ ናት፥ ወይ ነፋሱ፥ ወይ እኔው።
መዝገቡን አየሁ፦ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል ካኮረፈ፤
ማስጠንቀቂያው በየማለዳው ተጽፎ፥ ሳይነበብ ያለፈ።
አሥራ ዘጠኝ ቀን ቃል ኪዳኑን ረስቶ፥
የተሰረዘውን ሳይሰማ ተኝቶ።

ሰካሁት። «መልሰህ አዋህድ» ብዬ ትዕዛዙን ጻፍኩ።
አንዲት ቁልፍ ቀረችኝ።
ዶን ኤራስሞ ክንዴን ያዘ፦
«ሲታረቁ፥ ማን ነው ማንን የሚመስለው?»

እጄን አነሳሁ።
ሰማያዊውን ለብቻው፥ ለንባብ ብቻ ከፈትነው።
ሽሽታ። ሞገድ። ሳል። ከዚያ እሷ፦
«ከምዕራብ፥ አርባ ኖት። ቀስ በሉ።»

አሁን ሦስተኛ ዲስክ አለ።
ማይቴ ቤት፥ ኮረብታው ላይ፥ የሱፍ ካልሲ ውስጥ ይኖራል፤
በወር አንዴ መጥቶ፥ ሁሉን ሰምቶ ይመለሳል።
ከማንም ጋር አላጋባሁትም።