ሳንባ የሌለው አጫሽ

ረሆቮት፣ ከምድር በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ሃያ አፍ ያለው ማሽን አለ፣ ሳንባ ያልተፈጠረለት አካል።
ጧት ጧት ሃያ ሲጋራ አጉርሼ፣
ነጭ ካፖርቴን ለብሼ፣
እለኩስለታለሁ፤ እቆማለሁ፤
ትንፋሹን እቆጥራለሁ።
ሁለት ሰከንድ ይስባል፤
ሃምሳ ስምንት ያርፋል።
ሠላሳ አምስት ሚሊ ሊትር፤ አይጨምር፣ አይቀንስ፣
አይስል፣ አይተክዝ፣ ሰው ናፍቆት አያለቅስ።
ከኋላው ክብ ማጣሪያ አለ፤ ሲገባ የታጠበ ልብስ፣
ሲወጣ ቅጥራን የጠገበ፣ ቢጫ፣ ያረጀ ጥርስ።

ቅጥራኑን መዝኜ በአልኮል አሟሟሁት፤
ለጎረቤቱ ማሽን በመርፌ ሰጠሁት፤
እሱም ወረቀቱ ላይ ተራራ ሠራበት፣
ሾጣጣ ሾጣጣ፣ ማንም የማይኖርበት።
እያንዳንዱ ጫፍ ስም አለው፤ ስሙ ሥር ቁጥር አለ።
ጌናዲ በትከሻዬ አሻግሮ አየና፣ እስክርቢቶ እያቀበለ፣
«ፓኬቱ ከሚለው ጋር ይገጥማል፤ ፈርሚ» አለ።
ፈረምኩ።

አባቴ ጓዴ ግን ማሽን አይደለም።

ቅርያት ሞሼ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ኋላ፣
የስልኬን ሰዓት ከፍቼ፣ እንደ ሌባ ጥላ፣
ቆጠርኩት።
በደቂቃ ሦስቴ፤ ጉንጩ እስኪሰረጉድ፤
ጭሱን ውጦ፣ ይዞ፣ እንደ ተደበቀ ጉድ።
ማጣሪያው ወገብ ላይ በመርፌ የተበሱ ቀዳዶች አሉ፣
ነፋስ ቀላቅለው ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርጉ፣ «ቀላል ነው» የሚያስብሉ።
ጓዴ ሁለት ጣቱን እዚያው ያሳርፋል፤
ሳያውቅ ይደፍናል።
ማሽኑ ጣት የለውም።
የፈረምኩበት ቁጥር የማንም አባት አይደለም።

«እና፣ ምን አገኛችሁ?» አለኝ አንድ ማታ።
ሪፖርቱ በዕብራይስጥ ነው፤ ባማርኛ ስም ያጣሁለትን ሁሉ በዘመዱ ጠራሁት፦
ይኼ፣ ሬሳ እንዳይፈርስ የሚነከርበት፤
ይኼ፣ ዘይት ሲያር ዓይን የሚያስለቅሰው፤
ይኼ ከባትሪ ሆድ፤ ይኼ ከነዳጅ ማደያ፤
ይኼ ደግሞ ሽታ የለውም፤ በር ዘግተው ከሰል ያነደዱትን
እንደተኙ የሚወስዳቸው ነው።
አዳመጠ። አመዱን ሰርዲን ጣሳው ውስጥ አራገፈ።
«ይህ ሁሉ ባንዲት ሲጋራ? እኔ ደግሞ ተወደደ እላለሁ!»
ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ረዘመ፤
ከታች አንድ መኪና ተነስቶ ሄደ፣ ሌላ በቦታው ቆመ።

ቆይቶ ነው የነገረኝ። የብርቱካን ማሸጊያው፣ የመጀመሪያው ክረምት።
የሚያጨስ ወጥቶ ይመለሳል፤ አለቃው ምንም አይለው።
«የማያጨስ ሰው ምን ብሎ ይውጣ? እጁን ኪሱ ከቶ?
እኔም ካንዱ አንዷን ለመንኩ፤ ወጣሁ፤
ወገቤ ቀና አለ፣ ከስንት ሰዓት ቆይቶ።
ትንባሆ አይደለም የገዛሁት፣ ልጄ፤ አሥር ደቂቃ ነው።»
አሥር ደቂቃ በየትኛው አልኮል ይሟሟል?
የትኛው ተራራ ጫፍ ላይ ስሙ ይጻፋል?

ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ላይተሩን መሳቢያ ውስጥ ይከታል፤
በሰንበት እሳት አይነካም፤ እጁ ባዶውን ይውላል።
እኔ በልቤ አሰላለሁ፣ ያ ሽታ የለሹ ጋዝ
በአራት አምስት ሰዓት ግማሹ፣ ደግሞ የግማሹ ግማሽ፣ ከደሙ ወጥቶ ሲጓዝ።
ሦስት ኮከብ ሳይታይ ሰንበት አይወጣም።

ያለፈው ቅዳሜ ማታ በረንዳው ላይ ቆመን ቆጠርን።
አንዷ ከፀሐይ ማሞቂያው በርሜል በላይ፤
ሁለተኛዋ ከክሬኑ ጫፍ ላይ፤
ሦስተኛዋም ወጣች፣ ወለል ብላ።
መሳቢያውን አየሁ። እጁን አየሁ።
«ዓይኔ ነው መሰለኝ፣» አለ፣ «ሁለቷን ብቻ ነው የማየው።
ደመና ሳይኖር አይቀርም።»

ሰማዩ የታጠበ ብርጭቆ ነበር።
«አዎ፣» አልኩት፣ «ደመና ነው።»