ማን ሞተ?

እሁድ ነው፤ ማለዳ፤ ሰፈሩ አልነቃም፣
ጥሩምባው ግን ጮኸ፤ ጥሩምባ አይጠብቅም።
ጋሽ ወርዶፋ ነው፣ የእድራችን ለፋፊ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የመርዶ አሳላፊ፤
እሪ በከንቱ ላይ እሪ ማለት ሥራው፣
ለከንቱ ይሁን ለቁም ነገር ማንም ያልጠየቀው።

በር ተከፈተ፤ ሌላ በር፤ ሌላ በር፤
ነጠላ ተዘቀዘቀ፣ ሟቹ ሳይነገር።
"ማን ሞተ? ያ አልጋ የያዘው? የበላይነሽ ባል?"
"እኔ?" አለ ሰውዬው ከመስኮቱ ብቅ ሲል፤
የሻይ ብርጭቆው እጁ ላይ ይጨሳል።

"ማንም አልሞተም!" አለ ጋሽ ወርዶፋ፣
ለሕያው ለፍፎ አያውቅም፣ ድምፁ እየጠፋ።
"ማንም እንዳይሞት ነው። ማክሰኞ፣ በሁለት ሰዓት፣
ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ሴት ልጅና እናት፤
ልጆቹ ለክትባት፣
እናቶች ለ... ለ..."
እዚያ ላይ ቆመ። ቃሉን አልደፈረም።
"ለበር" አለ በመጨረሻ። የትኛው በር፣ አላለም።

"ሟርተኛ!" አሉት አንዲት አሮጊት፣
በራቸውን ጥርቅም አድርገው።

እኔ ጸሐፊው ነኝ፤ መዝገቡ እኔ ጋ ነው።
በሐምሌ አንድ ማታ፣ መብራት ሄዶ፣ በሻማ ገለጥኩት፣
"ምክንያት" በሚለው ዓምድ በራሴ እጅ የጻፍኩት፦
ጥሩአየር በዛብህ፣ በሆድ ሕመም።
ሸምሲያ ከድር፣ በወገብ ሕመም።
አፀደ ወልደሰንበት፣ በሕመም።
ደም ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ በሹክሹክታ፣ በጓዳ፤
እኔም ብዕሬን አሳልፌው ሄድኩ፣ እንደ ሰው ዕዳ።
ሦስተኛዋ ከቤቴ ነው የወጣችው።
ሌሊት ተነስታ አንሶላ ስታጥብ እሰማታለሁ፤
"ምነው?" እላታለሁ፤
"ሙቀት ነው" ትለኛለች፤
እተኛለሁ።

መዝገቡን ይዤ ስብሰባ ገባሁ።
ሲስተር ምንትዋብ ከጤና ጣቢያ መጥታ
"በአሴቶ ነው የምናየው፣ ለሰላጣ እንደምትገዙት" ስትል
ሴቶቹ ሳቁ፤ ሳቁና መሬት መሬት አዩ።
አንዱ ከኋላ "መካን ያደርጋል ይላሉ" አለ፣ ስለ ልጆቹ መርፌ።
የሸምሲያ ልጅ ረምላ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣
ወንበር ልትደረድር ነበር የመጣችው፤
"እናቴ ሳትወጋ ነው የሞተችው" አለች፤
መደርደሯን ቀጠለች።
ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ ብርነሽ ተነሱ፦
"ለአንድ ሬሳ ስምንት ሺህ ብር እንቆጥራለን።
በእግሯ ለምትሄድ ሴት የታክሲ ስንት ነው?"
መልስ የሰጠ የለም።
ቃለ ጉባኤው ላይ "ጸደቀ" ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ። መጀመሪያ አራት ሴቶች፤ ቆይቶ አሥራ ሰባት፤
አንዷ ቤቷ ፈርሶ ኮዬ ፈጬ የገባች፣
ሦስት ታክሲ ቀያይራ፣
"ጥሩምባው በስልክ ተሰማኝ" እያለች።
ጋሽ ወርዶፋ በሩ ላይ፣ ጥሩምባውን በጋቢው ሸፍኖ፣
ወንድ ነውና አልገባም፤
ግን አልሄደም።
ረምላ ክንዷን ይዛ ወጣች፤ "ይኸው ነው?" አለች።
ብርነሽ ዘግየት ብለው ብቅ አሉ፦
"እኔ ላይ ነጭ ታየ። እዚያው አከሙኝ።
'ለዓመቱ ይመለሱ' ብለዋል።
አሁን ልቀቁኝ፤ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት።"

ማታ መዝገቡን ከፈትኩ። ስም፣ ቀን፣ ብር፣ ምክንያት፤
ለእሳቸው የሚሆን ዓምድ የለም።
ማስመሪያ ባጣ በሳሙና ካርቶን ጠርዝ
አዲስ መስመር አሰመርኩ፤
"ብርነሽ ይመር" አልኩና ፊት ለፊቱ፣
"ወጣቸውን ሊያወጡ ሄዱ።"

በሳምንቱ እሁድ ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ።
በር ተከፈተ፤ ነጠላ አልተዘቀዘቀም።
"ዛሬስ የምን ክትባት ነው?" አለ የበላይነሽ ባል።
ጋሽ ወርዶፋ አንገቱን ደፋ።
ያን ቀን እውነት ሰው ሞቶ ነበር፦
ያቺ "ሟርተኛ" ያሉት አሮጊት፣
በዘጠና አንድ ዓመታቸው፣ በእንቅልፋቸው።
ድንኳን ተከልን። ስምንት ሺህ ቆጠርን።
"ምክንያት" በሚለው ዓምድ "እርጅና" ብዬ ጻፍኩ፤
ቀለሙ እስኪደርቅ
ቃሉን ደጋግሜ አየሁት።