ባለፉት አራት ሳምንታት ውስጥ

ልጁ ትሑት ነው። ሲገባ ጫማውን ደጃፍ ላይ ጠረገ፤
«ይበልጣል እባላለሁ» አለኝ፤ ከቦርሳው ወረቀት ፈለገ።
ስሜን ጻፈ፦ አንጓች። ዕድሜ፦ ስድሳ ዘጠኝ። ቀጥሎ ሃያ ጥያቄ ነው፤
«በፍጹም»፣ «አንዳንዴ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «ሁልጊዜ»፤ አራት አራት ሳጥን ያለው።
«ፈተና አይደለም እማማ፣ የሚሰማዎትን ብቻ ይንገሩ፤
ትክክል ወይም ስሕተት የለም፤ ሳጥኑ ላይ ያስምሩ።»

«ባለፉት አራት ሳምንታት ውስጥ፣ ያስቀመጡት ዕቃ ጠፍቶዎት ያውቃል?»
የረሳሁትንማ እኔ ከየት አውቄ? ሌላ ሰው ያውቃል።
ቁልፍ ጠፍቶኝ ካገኘሁት፣ መጥፋቱ ትዝ ይለኛል፤
ጠፍቶ፣ መጥፋቱም የጠፋኝስ? እሱ የቱ ሳጥን ይገባል?

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ኖሬ፣
ከሽመናው ክፍል ወደ ምርመራ ዞሬ፣
ከመብራቱ ጠረጴዛ ፊት፣ አቡጀዲ ሲፈስ በዓይኔ፣
በቀይ ጠመኔ ስንቱን እንከን ከብቤያለሁ እኔ።

የኛ አሮጌ መኪና አንድ ጥበብ ነበረው፦
ከድሩ አንዲት ክር ስትበጠስ ሽቦ ወድቆ ያቆመዋል፤ ጸጥ ነው።
ማጉ ሲዘል ግን አያውቅም። ይጮሃል፣ ይሮጣል፣ ይሸምናል፤
ነውሩን በሆዱ ጠቅልሎ፣ «ደህና ነው» ብሎ ያስረክባል።
መኪናውን ጠይቀን አናውቅም፣ «እንከንህ ስንት ነው?» ብለን፤
ጨርቁን ነው ለብርሃን የምንሰጠው፣ ከሥር አምፖል አብርተን።

አንተ ግን ዛሬ መጥተህ መኪናውን ትጠይቃለህ፤
መኪናውም ደግ ነው፤ «በፍጹም» ይልሃል፤ ትጽፋለህ።

ሰባተኛው፦ «የሚያውቁት መንገድ ጠፍቶዎት ያውቃል?»

እርሳሱ እጄ ላይ ከበደ።

ማክሰኞ ነው። ወይስ ረቡዕ? ውሻ እንኳ ገና አልነቃም፤
የፈረቃው ሳይረን የጮኸ መሰለኝ፤ ይጩህ አይጩህ አላውቅም፤
ሽርጤን አድርጌ ወጣሁ፣ የሌሊቶቹን ልቀይር፣
በሐይቁ ዳር፣ ከዘንባባው ሥር፣ በጨለማ ስበር።
መንገዱ አልጠፋኝም! ቀጥ ብዬ ነው የደረስኩት፤
የጠፋኝ ዘመኑ ነው። ጡረታዬን በሩ ላይ አገኘሁት።
ዘበኛው፣ የልጅ ልጄ እኩያ፣ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ፣
«ማንን ፈልገው ነው እማማ?» አለኝ፣ በርጩማውን ለቆ ሰጥቶ።
«ጋሽ ሺባባውን» አልኩት፤ ስሙ አፌ ላይ ተቋረጠ፤
ተዝካሩን ቆሜ ያበላሁ እኔ ነኝ። ብርዱ እግሬ ሥር ተቀመጠ።

ለዚህ ሳጥኑ የቱ ነው? አራቱንም ደጋግሜ አየሁ፤
ወረቀቱ እስኪበሳ «በፍጹም» ላይ አሰመርኩ፤ ዋሸሁ።

ልጄ ውባንቺ በጓዳ ሌላ ወረቀት ይዛለች፤
«የቅርብ ቤተሰብ የሚሞላው» ነው አሉ፤ አቀርቅራለች።
እኔን ለብርሃን ዘርግታ፣ እንከኔን ትቆጥራለች።
ማክሰኞ፣ ወይ ረቡዕ፣ በባጃጅ የመጣችልኝ እሷ ናት፤
ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችኝ፤ ምንም አላለችኝም፤ ምንም አላልኳት።

እንቦጭ ጣናን ሲወርሰው፣ ሐይቁ «አመመኝ» ብሎ ነበር?
ከላይ ለምለም፣ አበባው ሐምራዊ፤ ደስ ይላል ለሚያየው ከዳር።
መረቡ ባዶ የወጣበት፣ ታንኳው የተያዘበት ነው የተናገረ፤
ሐይቁማ ዝም። እንደወትሮው ያብረቀርቅ ነበረ።

«ከዐሥር ዓመት በፊቱ ጋር ሲያስተያዩት፣ ማስታወስዎ አሁን እንዴት ነው?»
ተሽሏል፣ ያው ነው፣ ብሷል።
እህ! የያኔውን ካስታወስኩት አይደል እንዴ የማስተያየው?

ይልቅ ዙር እስቲ። ሸሚዝህ፣ ከቀኝ ትከሻህ ዝቅ ብሎ፣
ማግ ዘሏል፤ ሁለት ክር፤ መርማሪው አልፎታል በቀለሙ ተታሎ።
እኔ ከዚህ ሆኜ አየሁት፣ ያለ መነጽር፤
ይህን የምትጽፍበት ሳጥን የለህም? ጥግ ላይ አስፍር።

ላጲስስ ይዘሃል? ሰባተኛውን መልሰህ አምጣው፤
«አንዳንዴ» እንበለው።
ተባረክ አንተ... ስምህ... ቆይ፣ ቆይ፣ አትንገረኝ፤
የሚዛን ነገር ነው፤ «ያንሳል» አይደለም፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው ያለኝ...

ይህን ግን አትጻፍ።