ሳይቀዳ የቀረው

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
ባለ አንድ በር ሱቅ፣ ቆርቆሮው ተቀዶ፣
ድሮ ካሴት ነበር፣ ዛሬ ስልክ ነው ሥራዬ፤
በሰው ድምፅ ነው ያደርኩ፣ የሰው ድምፅ ጓዳዬ።

ትርንጎ የመጣች ባሥራ ሰባት ዓመቷ፣
ሁለት መቶ ብር ነው የቋጠረው መቀነቷ፤
ከሱቁ ጓሮ ክፍል ብርድ ልብስ ሰቅለን፣
መስኮቱን በጆንያ፣ በጭድ ጠቅጥቀን፣
የኪቦርዱን ጉሮሮ እስከ ጥግ ከፍተን
ቀዳን።

እንዴት እንደጮኸች!
ክረምት የብር ወንዝ ድልድይ ሲያናውጥ፣
እንደዚያ ነበረች፣ ለቃል ፋታ የማትሰጥ።
ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ከፍ በይ! ከፍ!» ያልኋት፣
ሰርገኛ እንዲገዛን በጣቴ የገፋኋት።
አራተኛው ዘፈን ላይ አህያ አናፍቷል፤
ከነማናፋቱ ስድስት መቶ ተሸጧል።

ስምንተኛው ላይ ነው፤
«ተምጫ ሲጎድል ና፤ ካልጎደለም…» ስትል
መብራት ድርግም አለ።
ክሩ ቆመ። ኪቦርዱ እንደ ታነቀ ሰው እህ ብሎ ተወ።
እሷ ግን አልተወችም።
ማንም በማያይበት፣ መቅጃው በሞተበት፣
ብቻዋን ሆና ልብስ እንደምታጥፍ ሴት
ዝቅ አለች።
ዝቅ ብላ ጨረሰችው።
ማንም አልቀዳውም። እኔ ብቻ ሰማሁ፤
መብራቱ ሲመጣ፣ «ከፍ አርገሽ ድገሚው» ብዬ ጣቴን አነሣሁ።

ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት፣ ሁለት ዓመት ቁራሽ ለምኜ፣
ከጉባኤ ቃና ወጣሁ፣ መጨረሻው እሱ ነው ብዬ አምኜ።
መወድስ ሲዘረፍ አጥር ጥግ ቆሜ ሰማሁ እንጂ
ደጁን አልረገጥኩም፤ አንቺ ልጅ፣ አትፍረጂ፤
ሁለት መስመር ላወቀ ሰው
ስምንቱ አይታየውም።

አዲስ አበባ ወጣች። በየምሽት ክበቡ
ስትጮህ፣ ስትጮህ፣ ያንገቷ ጅማቶች እንደ ገመድ ተሳቡ፤
ከዚያ አንድ ማክሰኞ ድምፅዋ ተሰነጠቀ።
ሐኪም «ዝም በይ» አላት፤ ዓመቱ ዝም ሲል አለቀ።
ጂጋ እናቷ ቤት ሆና፣ በርበሬ ስትገዛ፣
ዋጋ የምትከራከር በደብተር ነው፣ እርሳስ ይዛ።
«ተዘጋች» አለ ሰው።
እኔም አልኩ፤ አልዋሽም፤
የተረፈ ካሴቷን በግማሽ ዋጋ ሸጥኩ።

ትናንት አዲሱ አልበሟ መጣ፤
ፍላሹን የሰጠኝ የሚኒባስ ሹፌር ነው።
ሰባት ዘፈን። ስሙ «ፋታ»።
መጀመሪያ ተናደድኩ፤ የታል ያ ከፍታ?
ስፒከሩ የሞተ መስሎኝ በካቻቢቴ ልፈታ
ስል፣ ትንፋሿ ተሰማኝ፤
ከቃል በፊት የሚመጣው፣
ድሮ ቆርጬ የምጥለው
ያ ትንፋሽ።
ወዲያው ገባኝ አልልም።
ሦስተኛውን ዘለልኩት፤ አምስተኛው አሰልችቶኛል።

ሰባተኛው ላይ ግን፤
«ተምጫ ሲጎድል ና፤ ካልጎደለም…»
ዝም።
ቆጠርኩ፤ አራት ትንፋሽ።
ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁ፤ አልጠፋም።
ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ ሃያ ሁለት ዓመት
ለማንም ሳልሰጠው ብቻዬን የያዝኩት፤
«…እኔ ጎድዬ እጠብቅሃለሁ።»

የብር ወንዝ ነች አሁንም፤ ግን በጋ ነው፤
ጠጠሩ ይቆጠራል።
ያኔ ሳታውቅ ያደረገችውን
ዛሬ ዐውቃ አደረገችው።
ልዩነቱ ይኼ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ይፈጃል።
ትንሽ ቀናሁ፤
የኔ ብቻ ነበር።

ስልኩን ሊወስድ የቆመ ልጅ
«ጋሼ፣ አይሰማም፤ ከፍ አርገው» አለኝ።
ውጭ ረዳቱ «ቡሬ! ቡሬ! ቡሬ!» ይጮሃል።
ጣቴ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ልማድ ነው።
መለስኩት።
«ቅረብ» አልኩት።